ሐረማያ ሲሞላ ጀልባዎቹ ቀስ ይበሉ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያሳሰበኝ የሐረማያ ሐይቅ ነው። በክረምት ማብቂያ ሐይቁ ጢም ብሎ ሲሞላ ባለ ሞተር ጀልባዎች በላዩ ላይ የሚሮጡት ሩጫ ገደብ ይበጅለት ዘንድ፣ ይህን ለማድረግ ሥልጣን ያለው ክፍል እንዲያነብልኝ በማለት ነው የምጽፈው።

ከሐረርና ከድሬዳዋ ውጭ ያለ አንባቢ ሐረማያ ለእኛ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። በልጅነቴ ከድሬዳዋ ተነስተን የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት ከወጣን በኋላ የቆላው ሙቀት ይቀርና ነፋሱ ይለወጣል፤ ከዚያም ሐይቁ ብቅ ይላል። አባቴ ሁልጊዜ «ደረስን» የሚለው ሐረር ስንገባ ሳይሆን ያን ውሃ ስናይ ነበር። የሐረር ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነው። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከብት በመሐሉ አቋረጠው። ገበሬው ወለሉ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ውሃ አወጣ፤ ጫትና አትክልት ተከለ። ሐረር ያሉ ዘመዶቻችን ቢጫ ጄሪካን ተሸክመው ሲንከራተቱ አይተናል፤ በኋላም ከእኛ ቆላ በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን የሚወጣ ውሃ መጠበቅ ነበረባቸው።

ሐይቁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመልሶ ሲመጣ አልቅሻለሁ ብል አላጋነንኩም። በዕድሜዬ የሞተ ሐይቅ ሲነሳ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን በእሁድና በበዓል ቀን ዳርቻው ሰው በሰው ነው። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በቡድን በቡድን ይመጣሉ፣ ልጆች ይቦርቃሉ። ጀልባም አለ። ጀልባው ይቅር አልልም፤ የልጅ ልጄን ይዤ እኔም ተሳፍሬበታለሁ።

ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በፊት ባለው እሁድ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ድንችና ካሮት ትገዛው የነበረ አንድ አዛውንት ገበሬ አለ። ኦቦ እያልን ነው የምንጠራው። ማሳው ድሮ ከውሃው ራቅ ያለ ነበር፤ በዚህ ዓመት ክረምቱ ስለበረታ ሐይቁ ወደ እሱ መጥቶ የመጨረሻው የድንች መደብ ሥር ቆሟል። ከማሳው ጠርዝ የውሃ ፓምፑን የሚያሳድርባት ትንሽ የጭቃ ቤት አለችው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ አዴ ባለቤቱ ቡና አቅርባልን፣ የልጅ ልጄም ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ሐይቁ ዝም ብሏል። ከዚያ አንድ ባለ ሞተር ጀልባ አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ከፊት ለፊታችን አለፈ፤ ምናልባት ከመቶ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ። ተሳፋሪዎቹ እጃቸውን አውለበለቡልን፤ እኛም አውለበለብን።

ጀልባው ካለፈ በኋላ ጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ማዕበሉ ደረሰ። ልጅቱ መቁጠር ጀመረች፤ አሥራ አንድ ቆጠረች። አራተኛውና አምስተኛው ትልልቆቹ ነበሩ። ውሃው የድንቹን መደብ ይመታል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሥሩ አፈር ይዞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። በስድስተኛው ላይ የመደቡ ጠርዝ፣ የሰው ክንድ የሚያህል፣ ድምፅ ሳያሰማ ተገምሶ ወደቀ። ሦስት ድንች ታየ፤ አንዱ ልጣጩ ተገፎ ነጭ ሆኗል። የልጅ ልጄ አንስታ ለአዛውንቱ ሰጠችው። እሱም በጋቢው ጠርጎ አጠገቡ አስቀመጠውና «ዛሬ ይሄ ዘጠነኛው ጀልባ ነው» አለ። የፓምፕ ቤቷ ግድግዳ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ርሷል፤ ጭቃው እንደ ደረቀ ዳቦ መሰንጠቅ ጀምሯል።

ከእኔ ሥራ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከአዋሽ ወደ መተሐራ ባለው መስመር የሠራ የእኔ ዘመን ሰው ሁሉ በሰቃ ሐይቅን ያውቀዋል። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ውሃ ነው፤ እያደገ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አውራ ጎዳናውንም ሀዲዱንም ተፈታተነ። አፈርና ድንጋይ እየሞላን ሀዲዱን ከፍ እናደርግ ነበር፤ ውሃውም ይከተለናል። እዚያ የተማርኩትን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁም፦ የቆመ ውሃ አፈርን አያፈርስም፣ ያረሰርሰዋል እንጂ። የሚያፈርሰው የሚመላለስ ውሃ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን የሀዲዱ ሙሊት ደህና ይውላል፤ ነፋስ ሲነሳና ሞገዱ ሲመታው ግን ማታ ያየነውን ዳርቻ ጠዋት አናገኘውም ነበር። የረጠበ ሙሊት ላይ ባቡር እንደ ደረቁ መሬት አይነዳም፤ በዝግታ ነው የሚታለፈው። ይህን ለማዘዝ ሙሊቱ እስኪናድ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ሐረማያም በመስከረም እንዲሁ ነው። ውሃው በቦታው ባለ ጊዜ ዳርቻው ራሱን ይጠብቃል፤ ቄጠማ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ለዓመታት በሞገድ የተመታና የጠነከረ መሬት አለ። ማዕበሉ እነዚህ ላይ ደርሶ ይሰበራል። ሐይቁ ሲሞላ ግን ውሃው ከእነዚህ ሁሉ በላይ ያልፋል። ቄጠማው ከሥር ይቀራል፤ ማዕበሉ የሚመታው ገና ትናንት የታረሰ፣ ርሶ የላላ፣ ምንም የማይዘው አፈር ነው። በጥር ወር ምንም የማያደርግ ጀልባ በመስከረም ማሳ የሚያፈርሰው ለዚህ ነው። ጀልባው ያው ነው፣ ነጂው ያው ነው፤ የተለወጠው የውሃው ከፍታ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጥር አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ነቅዬ በቢላ በየጣቱ ምልክት አደረግሁበትና ውሃው ዳር ተከልኩት። በቀዘፋ የምትሄድ ጀልባ ስታልፍ ውሃው ምልክቱ ላይ መንቀሳቀሱ አይታወቅም። ባለ ሞተሩ ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ቀስ ሲል ሁለት ጣት ያህል ይወጣል። በሩጫ ሲያልፍ ግን ስንዝር ሞላ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ይህን መሐንዲሶች አስተምረውኛል፦ የሞገድ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ቁመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። እንግዲህ ሁለት ጣትና ስንዝር መሐል ያለውን ልዩነት አንባቢ ያስላው።

ማረፊያው ላይ ሄጄ ከጀልባ ነጂዎቹ አንዱን አነጋገርኩት። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ከጀልባው ወርዶ ነው ያነጋገረኝ። የነገረኝ ሁለት ነገር ነበር። የመጀመሪያው፦ «አባባ፣ በጣም ስፈጥን ጀልባው ከውሃው ላይ ብድግ ስለሚል ማዕበሉ ያንሳል እንጂ አይበዛም።» ልጁ አልዋሸም። ትልቁ ማዕበል የሚነሳው ጀልባው ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር፣ ኋላው ሰምጦ አፍንጫው ቀና ሲል ነው። ካለፈ በኋላ መጠነኛ መቀነስ አለ። ነገር ግን ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ በዚያው መሐል ማለፍ አለበት፤ ፍጥነቱን ሲቀንስም እንደገና ያልፍበታል። ሐረማያ እንደ ጣና አይደለም፤ ጀልባው ገና ብድግ ሲል ወዲያ ማዶ ደርሶ መዞር ይኖርበታል። ስለዚህ ጀልባዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉት በዚያ በመጥፎው ፍጥነት ላይ ነው። ከዳርቻ ይህን ያህል ሜትር ርቆ እስከሄደ ድረስ ይፍጠን የሚል መመሪያ ለሰፊ ሐይቅ ይበጅ ይሆናል፤ እዚህ ግን ከዳርቻ ራቀ የሚባል ቦታ የለም። መሐሉም ዳር ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ልቤን ነካኝ። «ቀስ ብዬ ብሄድ ደስ ይለኛል፤ ቤንዚኑም ይተርፈኛል። ግን ደንበኛው ፍጥነት ነው የሚፈልገው። እኔ ቀስ ካልኩ ወደ ሌላው ጀልባ ይሄዳል። በሁላችንም ላይ ከታዘዘ እኔ አልከፋም» አለኝ። ለዚህ ልጅ ምክር ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ለሁሉም እኩል ሲሆን ከስሞታ የሚድነው እሱ ራሱ ነው። በሀዲድ ላይም አንዱ ነጂ ቀስ ብሎ ሌላው እየሮጠ የሚሄድበት የፍጥነት ገደብ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ አገር ሚኒያፖሊስ ይኖራል። ስልክ ሲደውል ይህንን አጫወትኩት፤ እሱም «አጎቴ፣ እዚህ ይህ ሕግ ነው እኮ» አለኝ። ከከተማው ምዕራብ ሚኔቶንካ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 የሐይቁ ከፍታ መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ወደ ከፍተኛው ደረጃው ወጣና በሐይቁ ሁሉ ላይ ጀልባዎች ማዕበል በማያስነሳ ዝግታ ብቻ እንዲሄዱ ታዘዘ። ዝግታው በእነሱ መለኪያ በሰዓት 5 ማይል፣ በእኛ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ጥቂት የሚበልጥ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ደግሞ በጎረቤቱ በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ ዙሪያ ከባድ ዝናብ ጥሎ ሐይቆቹ ሲሞሉ ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጥቷል። የእህቴ ልጅ ስለ ሚኔቶንካ ካጫወተኝ የወደድኩት አሠራሩን ነው። ከፍታው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ውሃው ያንን ሲያልፍ ገደቡ ይታወጃል፣ ሲወርድ ይነሳል። ሀብታሙም ትልቅ ጀልባ ያለውም ያው ነው። እዚያ የሚጠበቀው የሀብታም ሰው ግቢና የእንጨት መረማመጃ ነው። እዚህ የሚጠበቀው የቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ እንኳ ማሳን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን የሚመለከት ነው። ሐረማያ ደርቆ በነበረባቸው ዓመታት ሰው ወለሉ ላይ ኖሯል ማለት ይቻላል። ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ አጥር ታጥሯል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ ቱቦ ተዘርግቷል። ውሃው ሲመለስ ይህን ሁሉ ማን ነቀለው? እዚያው ነው ያለው፤ ከላይ ግን አይታይም። በመስከረም ደግሞ ዳር ዳር ያለው አጥርና የጫት ግንድም ይጨመራል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ጉቶ ቢነካ ይንገጫገጫል። የሚሮጥ ጀልባ ቢነካ ይገለበጣል። እኔ በተሳፈርኩበት ቀን ተንሳፋፊ ጃኬት የለበሰ ልጅ አላየሁም። እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ውሃ በምን ፍጥነት ሰው እንደሚወስድ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሲመጣ አይተናል። ከ250 በላይ ሰው ነው የቀበርነው፤ አስከሬኑ ያልተገኘም ነበረ። ያ ጎርፍ ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ «እስቲ አደጋ ይድረስና እናየዋለን» የሚል ቃል ስሰማ ሆዴ ይታመማል።

አንድ ወዳጄ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ሲሰማ «ሐይቁ ነገ ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል፤ አንተ ስለ ሙላት ትጨነቃለህ» አለኝ። እኔ የምጨነቀው እንዳይደርቅ ስለምፈልግ ነው። ለፓምፕና ለከተማ ቧንቧ ከሚቀዳው ሌላ ሐረማያን ካዳከሙት ነገሮች አንዱ ከዙሪያው ኮረብታ እየታጠበ የገባው ደለል ነው። ደለል ሲገባ ሐይቁ ጥልቀቱን ያጣል፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ለፀሐይ ሰፊ ጀርባ ይሰጣል፣ ቶሎ ይተናል። ዛሬ ማዕበሉ ከድንች ማሳው ሥር የሚነጥቀው አፈር የትም አይሄድም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚወርደው። በዚህ ላይ ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ቦታ የሞተሩ መዘውር ራሱ ወለሉን ያምሰዋል። ጀልባው ካለፈበት ኋላ ውሃው ሻይ በወተት ሲመስል ማንም ዳር ቆሞ ማየት ይችላል። በኮረብታው ላይ እርከን የሚሠራ፣ ችግኝ የሚተክል ሕዝብ ድካም ከታች በጀልባ ሩጫ ሲበላ ያሳዝናል።

ወደ አንድ የሚመለከተው ነው ብዬ ወዳሰብኩት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። በትሕትና ተቀበሉኝ። የጀልባው ሥራ ፈቃድ የሌላ ክፍል ነው፣ ሐይቁ የሌላ ክፍል ነው፣ ማሳው ደግሞ የሌላ ነው አሉኝ። ማዕበሉ ግን ከሦስቱም ላይ አንድ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ወጪውም የአንድ ቀን የጀልባ ገቢ አይሞላም። በማረፊያው አጠገብ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ፣ አንድ ጠንካራ ምሰሶ ይተከል። በላዩ ላይ ቀይ መስመር ይሠመርበት። መስመሩ የት ላይ ይሁን ለሚለው፣ ዩኒቨርሲቲው በሐይቁ ስም የሚጠራ ነው፤ የአፈርና የውሃ መምህራን ሞልተውታል፤ የዳርቻውን ገበሬዎች ጠይቀው በአንድ ሳምንት ይወስኑታል ብዬ አምናለሁ። ውሃው ከቀዩ መስመር በታች ባለ ጊዜ ጀልባው እንደ ወትሮው ይሂድ። መስመሩን ሲያልፍ ግን ባለ ሞተር ሁሉ፣ በሐይቁ ሁሉ ላይ፣ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር አይለፍ። የፍጥነት መለኪያ የሌለው ጀልባ ብዙ ነው፤ ለእሱም ቀላል ምልክት አለ፦ ነጂው ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ነጭ አረፋ የሚያነሳ ማዕበል ካየ ፈጥኗል። በቀዘፋ የሚሄዱት ይህ አይመለከታቸውም። ነፍስ ለማዳን የሚሮጥ ጀልባም እንዲሁ።

ለጀልባዎቹ ማኅበርም አንድ ሐሳብ አለኝ። ገበያችን ይቀንሳል ብለው አይፍሩ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ወፎቹን ያያል፤ ከሞተሩ ጩኸት በታች ይነጋገራል፤ ልጁን ያቅፋል። በተመሳሳይ ዋጋ ረዘም ያለ ጊዜ ውሃ ላይ ይቆያል። እኔ ከልጅ ልጄ ጋር በተሳፈርኩ ጊዜ እሷ የጠየቀችው ነጂው ቀስ እንዲል ነበር፤ ፊቷ ላይ የሚረጨው ውሃ አስፈርቷት። ፍጥነት የሚፈልግ ወጣት ይኖራል፣ አውቃለሁ። እሱ ሐይቁ እስኪጎድል ሁለት ወይም ሦስት ወር ይታገሥ። ገበሬው ድንቹን እስኪያወጣ ድረስ ነው።

ሐይቁ አሁን ትንሽ መሸሽ ጀምሯል። አዛውንቱ የተገመሰውን መደብ በድንጋይ ደግፎታል፤ የፓምፕ ቤቷንም ወደ ላይ አርቆ ሊሠራት ጭቃ አቡክቷል። ምልክት ያደረግሁበት የባሕር ዛፍ እንጨት እዚያው ማሳው ጠርዝ ቆሟል፤ ውሃው በመስከረም የደረሰበት ከፍታ ላይ በቀይ ቀለም ቀለበት አድርጌበታለሁ። ምሰሶውን የሚተክል ወይም ከፍታውን የሚለካ ባለሙያ ከመጣ ቦታውን የማሳየው እኔ ነኝ። ከድሬዳዋ በጠዋቱ መኪና ከተነሳሁ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቀድሞ የምድር ባቡር የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ